ሁሉም ነገር «ፈነዳ» ነው እንዴ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የጋዝ ምድጃ ጠጋኝ ነኝ፣ ሰፈር ውስጥ «ጋዝ ሠሪው» ነው የምባለው፣ ጋዝ ግን ሠርቼ አላውቅም። ጋዜጣችሁን የማነበው ሻይ ቤት ነው፣ ሰው ጨርሶ ሲተወው፣ ስለዚህ ደንበኛችሁ ነኝ ብዬ አልዋሽም፣ ግን ከገዛው ሰውዬ በላይ የማነበው እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ የሐራጅ ማስታወቂያው እንኳ አይቀረኝም። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፣ ከረዘመባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ቃላቶቹን ግን እባካችሁ አትቀይሩብኝ፣ ነገሬ ስለ ቃላት ነውና።

ባለፈው ሰሞን እኛ ሰፈር የደረሰውን ቃጠሎ ጽፋችሁ ነበር። ርዕሱ በትልቁ «የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ ቤት አወደመ» ይላል። እኔ በማግስቱ ለሥራ ተጠርቼ እዛ ቤት ገብቻለሁ፣ ሲሊንደሩ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። ጥላሸት ለብሷል፣ ቀለሙ ተልጧል፣ ብረቱ ግን ድፍን ነው፣ ዙሪያውን በእጄ ዳስሼዋለሁ፣ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ነዶ ያለቀው ጎማውና ሬጉሌተሩ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የፈነዳው? የግቢው ሰው «እኔ ቦግ ሲል ነው ያየሁት፣ ለጋዜጠኛውም እንደዛ ነው ያልኩት» አለኝ። ቦግ! ሰውዬው ትክክለኛውን ቃል በእጃችሁ ሰጥቷችሁ ነበር፣ እናንተ ወስዳችሁ ፈነዳ አደረጋችሁት።

ምን ልዩነት አለው ትሉኝ ይሆናል፣ ቤቱ እንደሆነ ተቃጥሏል። አለው እንጂ። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደሩ ውስጥ እያለ ፈሳሽ ነው፣ ታምቆ ነው ፈሳሽ የሆነው፣ ሲወጣ ይተናል፣ የተነነው ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ይሄንን ብዙ ሰው አያውቅም። እንደ ጭስ ሽቅብ አይሄድም፣ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል፣ ከቁምሳጥን ሥር፣ ከጤፍ ጆንያ ጀርባ፣ በሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ ጓዳ ይፈሳል። ፋሸታው፣ ማለትም ጎማውን አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት፣ የላላ ጎማ ሌሊቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲያስመልጥ ያድራል፣ ጠዋት አንዷ ቡና ልታፈላ ትነሳና ክብሪት ትጭራለች። አየሩ ውስጥ ያለው ጋዝ በመቶ ከ2 እስከ 10 እጅ ገደማ ከሆነ ይያያዛል፣ ከዛ ካነሰም አይያያዝም ከበዛም አይያያዝም። ተያይዞ ክፍሉ ድፍን ከሆነ አዎ መስኮት ሊነቅል ይችላል፣ ያኔ ፈነዳ ብትሉ አልከራከርም፣ ግን የፈነዳው ክፍሉ ነው እንጂ ሲሊንደሩ አይደለም። ሲሊንደር ራሱ የሚፈነዳው ሌላ እሳት ከውጪ ሲቀቅለው ነው፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይፈላል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ብረቱ ይልማል፣ ከዛ በቃ። እሱን እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ እግዜር ይመስገን። ያየሁት ሁሉ ጎማ ነው፣ ፋሸታ ነው፣ የደረቀ ጎሚኒ ነው።

አንድ እናት ደንበኛ አሉኝ፣ እማማ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ደውለው «ልጄ ድረስልኝ፣ ጋዙ ፈነዳብኝ!» አሉኝ፣ እኔ ደግሞ ልቤ አፌ ውስጥ ገብቶ የሰው ሥራ ጥዬ በሞተር ሄድኩ፣ መንገድ ላይ አምቡላንስ ልጥራ አልጥራ እያልኩ። ስደርስ ዱካ ላይ ቁጭ ብለዋል። ቅንድባቸው ተጨማትሯል፣ ቤቱ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ የነጠላቸውን ጥለት ወላፈኑ ለብልቦታል። ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፣ አልተደፋም እንኳን። ምን ሆነ እማማ ስላቸው «ክብሪቱን ስጭረው ቱፍ አለና ፊቴን ላሰኝ» አሉ።

ላሰኝ። እስቲ እዩት ይሄን ቃል። ስልክ ላይ ሲደነግጡ የእናንተን ቃል አወሩ፣ ዱካ ላይ ሲረጋጉ የራሳቸውን አወጡ። እሳት የላሰ ልጅ እንላለን፣ እሱ እሳቱን ልሶ ጮሌ የሆነው ነው፣ እማማን ግን እሳቱ ነው የላሳቸው፣ እና ልክ ነው፣ የሆነው እሱ ነው። ከዛ በፊት ሸቶዎት አያውቅም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከትላንት ወዲያ ጀምሮ የበሰበሰ ነገር ይሸተኝ ነበር፣ አይጥ የሞተ መስሎኝ ቁምሳጥኑን አስነስቼ ነበር» አሉ። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፣ ያ የበሰበሰ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው፣ ሰው እንዲነቃ። ኦሞ በውሃ በጥብጬ ጎማውን ቀባሁት፣ ፋሸታው ጋ ስደርስ አረፋው እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ይነፋል ይሟሽሻል ይነፋል። ያቺው ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ስታስመልጥ የቆየች ጠባብ ቀዳዳ።

እና ይሄ ነው የኔ ነገር። «ፈነዳ» የሚለው ቃል እነዛን ሦስት ቀናት ይውጣቸዋል። ፈነዳ ስትሉ ያነበበው ሰው የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ ያማትባል ወይም ሲሊንደሩን ወስዶ ውጪ ዝናብ ላይ ያስቀምጠዋል (አይቻለሁ)፣ ሸተተ፣ አመለጠ፣ ክብሪት ተጫረ፣ ቦግ አለ፣ ተያያዘ ብትሉት ግን የትኛው ደረጃ ላይ ምን ማድረግ እንደነበረበት ራሱ ያውቀዋል፣ ሲሸት መስኮት ይከፍታል፣ ቁልፉን ይዘጋል፣ መብራት አያበራም አያጠፋም። በነገራችን ላይ አማርኛ ለዚህ ችግር የለበትም፣ የእሳት ቃል እንደኛ የሞላለት ማን አለ? ይጨሳል፣ ይግማል፣ ይንቀለቀላል፣ ይንቦገቦጋል፣ ይንጣጣል፣ ይዳፈናል፣ ይከስማል። እናቴ ከማገዶ ቤት ሳትወጣ ይሄን ሁሉ በቀን ትጠቀም ነበር፣ ጭራሮ ጨምር፣ ቆስቁሰው፣ ረመጡን ሰብስብ፣ ፍሙን ለቡናው አውጣ። ልጅ ሆኜ ረመጥና ፍም ለይቼ ባላመጣ በጥፊ ነው።

ሌላው «ጋዝ» ራሱ ነው። ለእናቴ ጋዝ ማለት ነጭ ጋዝ ነው፣ ላምባ፣ ቡታጋዝ ላይ የሚሞላው። ለኔ ጋዝ ማለት ሲሊንደር ነው። «በጋዝ ምክንያት ቃጠሎ ደረሰ» ብላችሁ ስትጽፉ የትኛው ነው? የፈሰሰ ላምባ ሲነድ ውሃ ብትደፋበት ላምባው ውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞት ይሄዳል፣ አፈር ወይም እርጥብ ብርድ ልብስ ነው መድኃኒቱ፣ ሲሊንደር ከሆነ ደግሞ ዋናው ከተቻለ ቁልፉን መዝጋት ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት እሳት። የኤሌክትሪኩም እንደዛው ነው፣ ሁሌ «በኮንታክት ምክንያት» ተብሎ ይዘጋል፣ የምን ኮንታክት፣ የተላጠ ሽቦ ነው? አንድ ሶኬት ላይ ምጣድና ካውያ ተሰክቶ ነው? ዝም።

ፍንዳታ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አይደለም የማወራው። ግንቦት 27 ቀን 1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይትና የመሣሪያ መጋዘኑ ሲፈነዳ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። መስኮታችን ከነፍሬሙ ነው የተነቃነቀው፣ እናቴ አልጋ ሥር ከታን ማርያም ማርያም ትል ነበር፣ እኔ ትዝ የሚለኝ ከድምፁ ይልቅ ደረቴን የገፋኝ ነገር ነው፣ አየር እጅ ያለው ይመስል። ያ ነው ፍንዳታ። ያን ቀን ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን እጁን አጣ፣ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ። ትልቅ ስሆን ስሰማ ነው የገባኝ፣ ሰዎቹ የሄዱት የሚነደውን ሊቀርጹ ነው። መጋዘኑ እየነደደ ነበር። የሚነድ ነገርና የሚፈነዳ ነገር ማኸል የምትሮጥበት ጊዜ አለ፣ ወይም የምትጠጋበት።

ቤይሩትም እንደዛ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2012፣ የስንቱ እህትና ልጅ እዛ ሰው ቤት ትሠራ ስለነበር እኛ ሰፈር ያን ማታ ስልክ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ቪድዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ መጀመሪያ ጭስ ነው፣ ከዛ ቃጠሎ፣ ከዛ ውስጡ እንደ ፈንዲሻ የሚንጣጣ ነገር አለ፣ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ከዛ ነው 2,750 ቶኑ አሞኒየም ናይትሬት የሄደው። የከተማው እሳት አደጋ ሠራተኞች የመጋዘን ቃጠሎ ነው ተብለው ነው የሄዱት፣ ውስጡ ምን እንዳለ የነገራቸው የለም፣ አልተመለሱም። በማግስቱ እዚህ አንዱ ሬዲዮ «ማዳበሪያ ፈነዳ» አለ። አጎቴ ገበሬ ነው፣ ማታውኑ ደወለልኝ፣ «አንተ ጋዝ ታውቃለህ፣ ያ ቤት ውስጥ የደረደርኩት ዩሪያ ልጆቹን ይጨርስብኛል ወይ? ወደ በረት ላውጣው?» አለኝ። ዩሪያ ሌላ ነው፣ አሞኒየም ናይትሬት ሌላ፣ ሁለቱም ማዳበሪያ ይባላሉ፣ ዩሪያ ብቻውን እንደዛ አይፈነዳም። እንዲህ ብዬ ሳስረዳው ካርዴ አለቀ። አንድ ቃል ጨምሮ ማንበብ ምን ነበረበት ያ ጋዜጠኛ?

እንዳይመስላችሁ፣ ፈነዳ የሚባለው ሲፈነዳ ፈነዳ ማለት አለባችሁ። ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ልክ ነበር የጻፋችሁት፣ አመዱ አፍዴራን አልብሶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ኦማን እያለ ሕንድ ድረስ ሄዶ አውሮፕላን አስቀርቷል፣ ያ ካልፈነዳ ምን ሊፈነዳ ነው። ግን ከዛ በፊት ታኅሣሥ 2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር እየተንቀጠቀጠ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ዶፋን ተራራ ላይ እንፋሎትና አቧራ ተፍ ተፍ ማለት ሲጀምር፣ ስንቱ «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ብሎ አልጮኸም? ቀልጦ የወጣ አለት አልነበረም፣ እንፋሎት ነው፣ እንደ ድስት ክዳን። ኤርታ አሌን ደግሞ ተውት፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ይንተከተካል እንጂ አይፈነዳም፣ ልክ እንደ ሽሮ። ይንተከተካል የሚለው ቃል እያለን ለምን እንደማይጻፍ አይገባኝም፣ የወጥ ቃል ስለሆነ ተንቆ ይሆን? (እሳተ ገሞራ የሚለው ስም ራሱ ከሰዶምና ገሞራ የመጣ ነው፣ የኦሪት ከተማ አፋር በረሃ ላይ ተቀምጣለች።)

አሁን ወደ ምሳሌያዊው ልምጣ፣ እዛ ላይ ነው በጣም የምናደደው፣ እና ተመልከቱ፣ «ተናደድኩ» ስል እሳት አነሳሁ። ነደደ፣ ንዴት፣ ነዳጅ፣ ማንደጃ፣ ወባ የያዘው ሰው ንዳድ ያዘው የሚባለው፣ ሁሉም የአንድ ምድጃ ልጆች ናቸው። የ66ቱን አብዮት አስቡት፣ ያ ትውልድ «አብዮቱ ፈነዳ» ነው የሚለው፣ እናቴ አሁንም ታላቅ ወንድሜን «አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል የወለድኩት» ትለዋለች። ግን በጥር ነገሌ ቦረና ያሉት ወታደሮች ምግብና ውሃ ብለው ሲነሱ፣ በየካቲት የታክሲ ሾፌሮች የነዳጅ ዋጋ ጨመረ ብለው ሲያቆሙ፣ መምህራኑ ሲያድሙ፣ እሱ እንደኔ ሙያ ከሆነ ሲሸት የነበረ ጋዝ ነው። ነዳጅ የሚለው ቃል ቁጭ ብሎ እያለ ሰው ሁሉ ፈነዳን መረጠ። በቤተ መንግሥት ግን የሸተተው ሰው የነበረ አይመስለኝም፣ ወይ እንደ እማማ አይጥ ነው ብለው ይሆናል።

ተኮሰንም እዩት። ጠመንጃ ይተኮሳል፣ ሸሚዝ ይተኮሳል፣ የተኮሰው ትኩስ ነው፣ ያተኮሰው ትኩሳት አለው። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ የእህቴ ልጅ እዚህ ለእረፍት መጥቶ እናቴ «አጎትህ ሸሚዙን ተኩሶ ይመጣል» ስትለው ልጁ ዓይኑ ፈጦ ቀረ፣ ለሸሚዝ ምን ያህል ቢጠላው ነው ብሎ ይሆናል።

ጠብ ጫሪ የምንለው ክብሪት ጫሪ ነው፣ አንዱን እንጨት ነው የሚጭረው፣ እሱ ራሱ አይነድም። ነገር ቆስቋሽ ደግሞ ሌላ ሰው ነው፣ እሱ የጀመረው የለም፣ የከሰመውን ነው የሚነካካው። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ «ግጭት አቀጣጣይ» ስትሉ ማን ምን እንደሠራ አላወቅንም፣ ፍርድ ቤት ቢሄዱ እኮ ቅጣታቸው አንድ መሆን የለበትም። የተዳፈነስ? የቀድሞ ሰው ማታ ፍሙን አመድ አልብሶ ያድርና ጠዋት እፍ ሲለው ይነሳል፣ አጥፍቶት አይደለም፣ አቆይቶት ነው። እናንተ «ጉዳዩ ተዳፍኖ ቀረ» ስትሉ ያለቀ ያስመስላችሁታል፣ ለኔ ግን ተዳፈነ ማለት ነገ ይነሳል ማለት ነው። ያለቀ ከሆነ ከሰመ በሉ፣ በ2012 የኢሕአዴግ ድርጅቶች «ከሰሙ» ሲባል እንኳ ቃሉን በደንብ አውቃችሁ ነበር የተጠቀማችሁት።

ንዴትም ደረጃ ነበረው። እናቴ ቱግ ባይ ሰው አትፈራም፣ «ቱግ ብሎ ይበርዳል፣ ደረቅ ጭራሮ ነው» ትላለች። የጨሰውንም አትፈራ። እርር ድብን ያለውን ነው የምትፈራው፣ ድምፅ የለውማ፣ ከላይ ደህና ይመስላል፣ ከሥር ድስቱ ይዞበታል። አሁን ግን ሰው ከከፋውም ፈነዳ ነው፣ ከተቆጣም ፈነዳ ነው። ዩቲዩቡን አልጠራም፣ እነሱ «ፈንጂ መረጃ» ሳይሉ እንደምን አደራችሁ አይሉም፣ ከፍቼ ሳየው አንዲት ዘፋኝ ፀጉሯን ተቆርጣለች። እነሱን ትቼ የምለምነው እናንተን ነው፣ ምክንያቱም በወረቀት የወጣ ነገር ሻይ ቤት ይቀመጣል፣ ሰው ያጥፈዋል፣ ከሳምንት በኋላም ይነበባል።

ፈነዳን ራሱን ጠልቼው አይደለም ደግሞ። እምቡጥ ሲፈነዳ ደስ ይለኛል፣ ሰው በሳቅ ሲፈነዳ ደስ ይለኛል፣ ፋሲካ ላይ ሆዴ ሊፈነዳ ነው እላለሁ። ከነሱ ጋር ቢተዉት ነው የምለው።

አንድ ነገር ረስቼ፣ በዛ ዜና መጨረሻ ላይ ለወደፊቱ ጥንቃቄ ይደረግ ብላችሁ ነበር። 939 የሚለውን ቁጥር ብትጽፉበት ምን ነበረበት? አዲስ አበባ ላይ እሳት አደጋን የሚያመጣው እሱ ነው። (እሳት አደጋ መጣልን ብለን እልል የምንል ሰዎች እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፣ አደጋውንም መኪናውንም በአንድ ስም ነው የምንጠራው።) ግማሽ መስመር ነው የሚይዝባችሁ።

እማማ ባለፈው ሳምንት ደወሉ። «ልጄ፣ ዛሬ ሸተተኝ» አሉ። ሸተተኝ ነው ያሉት፣ ደስ ብሎኝ ገና ስልኩን ሳልዘጋ ነው የተነሳሁት። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ቁልፉ ተዘግቷል፣ ደጅ ወጥተው ነው የጠበቁኝ። ኦሞዬን በጥብጬ ከቁልፉ እስከ ምድጃው ቀባሁ፣ አረፋው ንቅንቅ አላለም፣ ደግሜ ቀባሁ፣ ምንም። መጨረሻ ላይ ከመደርደሪያው ሥር በፌስታል የተረሳ ጥቅል ጎመን ወጣ፣ ውሃ ሆኗል። ሂሳብ አልተቀበልኳቸውም፣ ቡና ጠጥቼ መጣሁ።

የጋዝ ምድጃ ጠጋኙ፣ ከአዲስ አበባ